የሸረሪት ዱላ

አጎቴ ቱን ሃሲንቶ ዱላ ይዞ ነው ጫካ የሚሄደው፤
ጉልበቱ አልዛለም፣ ዳገት አልከበደው፣
እባብም አይፈራም፣ ውሻም የለበት፤
አየሩን ነው እሱ የሚመታበት።
ካልመታው ድር ነው፤ ቅንድብ ላይ ይያዛል፣
ከንፈርን ይሰፋል፣ ምላስ ያደነዝዛል።
ከግንድ እስከ ግንድ፣ ከቅጠል ቅጠል፣
የሸረሪት ሥራ፣ ጠግቦ መንጠልጠል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምቻለሁ፤
ጉዋም ላይ አንበሳ የለም። እኔ ግን አይቻለሁ፣
ድሩ ያሰረው ጠዋትን ነው።

«ወፍ ሲንጫጫ ቀስቅሽኝ» ይል ነበር አባቱ፤
አሁን ጸጥ እንዳለ ይነጋል ሌሊቱ፣
ጸጥ እንዳለ ይመሻል፤
ደኑ ዘመድ እንደሞተበት አፉን ይዞ ይውላል።

ቹጓንግጓንግ የምትባል ነበረች፣ ጣት የምታክል፣
ራሷ ሰማያዊ፣ ደረቷ ቀረፋ የሚመስል፣
ከዚች ደሴት በቀር አገር ያልነበራት፤
ስትጠፋ ከዓለም ጠፋች፣ ማንም ሳይቆጥራት።
ስሟን ቢጠራላት የልጅ ልጁ ሳቀች፦
«የሞተር ድምፅ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

እባቡ የመጣው ጦርነት ሲያበቃ፣
መርከብ ላይ ተጠምጥሞ፣ በወታደር ዕቃ።
ዛፍ ለዛፍ ሌሊቱን እየተንሸራተተ
እንቁላሉን ጠጣ፣ ጫጩቱን ጎተተ።
ወፎቹን ሲጨርስ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጣ፤
እሱም ተቃጠለ፣ በእኛም ጨለማ መጣ።
የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤ እኔ ነኝ በመሰላል የማወርደው፣
ሽቦ ላይ የቀረውን፣ እሳት ያነደደው።

አንድ ቀን ቆመና ከትልቅ ዛፍ ሥር
በዱላው ጫፍ ቆሰቆሰ አፈር፦
«እይ» አለኝ፣ «ፍሬው ሁሉ እናቱ ጉያ ነው የወደቀው፤
ተደራርቦ በቅሎ ጥላዋ ብርሃን የነጠቀው።
ጠፋ የሚያነሳው፣ ወስዶ ማዶ የሚጥለው።
ያ ገላጣ ይታይሃል? አውሎ ነፋስ የጣለው?
ድሮ ዓመት ሳይደርስ ወፍ ዘራሽ ይሞላው ነበር።
ዛሬ ሣር ብቻ ነው። ሣርና ድር።
ድሮ...» አለና ዝም አለ። እኔም ጥቂት ጠበቅሁት፤
ከድሮ ላይ የቀረን ድሩ ነው፣ አልኩት።

ሚጥሚጣችን እንኳ፣ ያች በሳሊ ወፍ ስም የምንጠራት፣
ጥፍር የማትሞላ፣ ምላስ ላይ እሳት፣
በወፍ ሆድ ካልዞረች፣ ሩቅ ካልተጣለች
እንደልቧ አትበቅልም፤ ከደጃችን ኮበለለች።
ገበያ ወርጄ ብጠይቅ ሻጯ ቅርጫቷን አሳየች፣
«ወፍ የለም» አለችኝ።
ምን እንዳለች መች አወቀች?

ኅዳር ላይ ሮታ ሄደ፣ ልጁ የተዳረችበት፣
ጎረቤት ደሴት ነው፣ እባቡ ያልደረሰበት።
ጎህ ሳይቀድ ነቃ አሉ፤ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣
በመስኮት የሚገባውን ጫጫታ አዳመጠ፤
«አባዬ፣ ረበሹህ?» ብትለው መልስ አልሰጠ።
ጫካ ሲገባ እንደልማዱ ዱላውን አነሳ፤
ዱላው አየር ቀዘፈ፣ አንድ ክር አላነሳ።

በመሐረብ ቋጥሮ መጣ
የበሰለ ቀይ ሚጥሚጣ።
አሁን ጠዋት ጠዋት ቁልቁል ይወርዳል፣
ፍሬውን በጥርሱ ይሰብራል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣
(ከሚጥሚጣው ይሁን ከሌላ፣ አልጠየቅሁትም)
እዚህ እንትፍ ይላል፣
ሦስት ርምጃ ሄዶ እዚያ እንትፍ ይላል።
የሰፈር ልጆች «ቱን ወፍ» ብለው ስም አወጡለት፤
ስድብ ነው ብለው ነው። እሱ ግን ደስ አለው፣ አየሁበት።

አንዲት ወፍ ለቁርሷ ብላ የምትሠራውን
ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ አልሞላም ግማሹን።
ትናንት ከኋላው ነበርኩ፤
በቀኙ ይዘራል፣
ግራው ዱላውን ይዟል፤ ፊት ፊቱን ይመታል።